የማይቃጠል ቆሻሻ

በደርግ ዘመን፣ እኔ ባሕር ዳር ፋብሪካ ስሠራ፣ ሐይቁ ዳር የነበረው የሰፈራችን ቆሻሻ መጣያ ተዘጋ። ቀበሌው «ሁሉም በየግቢው ጉድጓድ ቆፍሮ ይቅበር» አለን። ቆፈርን። የባሕር ዳር መሬት ግን ሁለት ክንድ ሳይወርዱበት ውሃ ያፈልቃል፤ በማግሥቱ የሽንኩርቱ ልጣጭ ተንሳፍፎ ጠበቀን። ቀበሌው ይህን ሲያይ «ቅዳሜ ቅዳሜ አቃጥሉ» አለ። ኮሚቴ እየዞረ ያያል፤ ቆሻሻ የተገኘበት ቤት ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና አያገኝም።

ማቃጠሉስ ባልከፋ፣ አባቴ ባይኖሩ! አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ከእኔ ጋር ነበሩ። ክብሪት ይዤ ስወጣ ከክምሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ወረቀት ይለቅማሉ።

«ስመ እግዚአብሔር ያለበት እንዳይነድ ነው፣ ልጄ።»

«አባባ፣ ይኼ እኮ የበርበሬ መጠቅለያ ነው!»

«‹እግዚአብሔር ይመስገን› ይላል፤ አንብቢው።»

የሰው ደብዳቤ ቁራጭ ነበር። እሱም ወደ ቤት ተመለሰ። የሊቀ መንበሩ ፎቶ ያለበትን ጋዜጣ ደግሞ እኔው ራሴ ማቃጠል እፈራለሁ፤ ፀረ አብዮት ቢሉኝስ? አልጋ ሥር ወረቀት ሞላ፣ አይጥ ገባ። እርር ድብን አልሁ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ አንድ ቅዳሜ አባቴ ቅዳሴ እንደሄዱ ሁሉንም አውጥቼ ሳልለይ ለኮስሁት። እፎይ ብዬ ገባሁ። የተጠቀለለ ጋዜጣ ግን ዳር ዳሩ እንጂ መሐሉ አይነድም። ኮሚቴዎቹ ሲመጡ የሊቀ መንበሩ ግማሽ ፊት አመዱ ላይ ተጋድሟል።

«ማን ነው ያቃጠለው?» አለ ሰብሳቢው።

ብታሰር ሥራዬ አበቃለት። አባቴ ያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በሩ ላይ ቆመዋል።

«እኔ ነኝ ያቃጠልሁት» አሉ።

የበርበሬ መጠቅለያ ያላቃጠሉ ሰው! እኔም ዝም አልሁ። ሦስት ቀን ቀበሌ አሰሯቸው፤ ምግብ ሳመላልስ መንገዱን ሁሉ እነጫነጫለሁ፣ በቀበሌው፣ በወረቀቱ፣ በእሳቸው። ሲፈቱም ምስጋና አልወጣኝም። «ማን ዋሹልኝ አለዎት?» ብዬ ጮህሁባቸው።

«ልክ ነሽ» ብቻ አሉኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አባቴ ማሕሌት ውስጥ የሉም። ውጭ፣ ዛፍ ሥር ቆመዋል። ስለ ዋሹት ቃል የንስሐ አባታቸው ቀኖና ሰጥተዋቸው፣ አርባ ቀን ከማሕሌት ታግደው ኖሯል። ለእኔ ትንፍሽ አላሉም። ከሴቶቹ በኩል ሆኜ አየኋቸው። ውስጥ የተተካቸው ሰው ዜማውን ሳተ። የአባቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አላወጡም።