ሁለት ቁጥር ላይ የኖረ ዜማ

ሥራ ቦታ «ጆሮው» ይሉታል። ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠግኗል። ባልደረቦቹ የሞተር ሽፋን ከመፍታታቸው በፊት እሱን ይጠራሉ። ጣሪያ ላይ ወዳለው የሞተር ክፍል ይወጣል፤ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ትንሽ ቆይቶ «የግራው ኩሽኔታ ነው» ይልና ይወርዳል። ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። ሁለቱንም የሚያወራው ራሱ ነው።

ሚስቱ ነርስ ናት። ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ይላታል፤ እሱም እንደ ሰፈሩ። ከተጋቡ ጀምሮ የማታ ተረኛ ናት፤ ቀን ትተኛለች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ሲሆን መሐሉን የሚለየው ስስ የችፑድ ግድግዳ ነው። ጆሮው በዕረፍት ቀኑ ከችፑዱ ወዲህ ቁጭ ብሎ በብብት የምትያዝ ትንሽ ኦርጋኑን ይጫወታል። የድምፁን ቁልፍ ከአስር ሁለት ላይ ያደርጋል። የጆሮ ማዳመጫ ቢገዛ እንደሚገላገል ብዙ ሰው ነግሮታል። «ስትጠራኝ በምኔ እሰማታለሁ?» ይላል።

ከሚጫወታቸው ዜማዎች አንዱ የራሱ ነው። ቃል የለውም። የሠራው ሊያገባት ሲያስብ ነው። ሊያሰማት ያልሞከረበት ዓመት የለም፤ ግን እሷ ስትነቃ እሱ ሥራ ላይ ነው፣ እሱ ሲገባ እሷ ለመውጣት ጫማዋን ታስራለች። ሁለቱም ቤት የሚሆኑበት ቀን ደግሞ የልብስ አጠባ ቀን ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ስምንት ዓመት ሄደ።

በዚህ ዓመት የሲስተር ጆሮ እየደከመ ሄደና የጆሮ ሐኪም ቁርጡን ነገራት። ቀኝ ጆሮዋ አብቅቷል። ግራው እየሄደ ነው። ንግግር በመስሚያ መሣሪያ ለብዙ ዓመት ትሰማለች፤ ዜማ ከዜማ መለየት ግን ምናልባት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቢሆን ነው።

«ምን ቸገረኝ? ሕመምተኛ የሚያወራው በንግግር ነው» አለች ከሐኪሙ ቤት ሲወጡ። ጆሮው አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ክንዷን ይዞ ሄደ። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ ክንዷን ይዞ አያውቅም።

አጠገቧ ሆኖ ሊጫወትላት ሞከረ። አልሆነም። የመስሚያ መሣሪያዋ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚያጎላው፤ የፍሪጁን፣ የመንገዱን፣ የኦርጋኑን ቁልፎች ቀጭ ቀጭ ማለት። ሐኪሙን ጠየቁት። መሣሪያው ከስልክ በቀጥታ ድምፅ ይቀበላል፣ ስለዚህ ቀድተህ በስልክ አሰማት አለው። ጆሮው ልጃቸው ትታው የሄደችውን ላፕቶፕ አወጣ፤ ከኦርጋኑ የማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ ገመድ ሰካና ቀዳ፤ የቀዳውንም ወደ ስልኩ ላከ።

ሲስተር አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ሰማች። ግንባሯን ቋጠረች።

«ዝናብ ነው እንዴ የቀዳኸው?»

«ዜማ ነው።»

«እንግዲያው ዜማው ጃንጥላ ይፈልጋል።»

ሳቀ፤ ግን ከፋው። ለሌላ ሰው ጆሮ ከዜማው ጀርባ ያለው ትንሽ «ሽ» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። መሣሪያው ያንን አግንኖ ዜማውን ዋጠባት። «ሽ» ከሚለው ሥር ደግሞ እንደ ንብ የሚጮህ ሌላ ነገር አለ። ንቡን በራሱ አገኘው። የኦርጋኑን ቻርጀር ነቅሎ ባትሪ አስገባ፤ ላፕቶፑንም ከሶኬት ነቀለ፤ ንቡ ጠፋ። አልፎ አልፎ «ትትትት» የሚለው ስልኩ ነበር፤ ወጥ ቤት ወሰደው። ዝናቡ ግን አልቆም አለ። ገመድ ቀየረ፣ መስኮት ዘጋ፣ ፍሪጁን አጠፋ። ሦስት የዕረፍት ቀን ሄደ። የሰው ሞተር በካቻቢቴ የሚያዳምጥ ሰው የገዛ ቤቱን ድምፅ አጣው።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ሊፍት በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መሐል ሰው ይዞ ቆመ። ባልደረባው ሞተሩን በእጅ ሊያሽከረክር ወደ ጣሪያ መውጣት ጀመረ፤ ጆሮው አራተኛ ፎቅ በሩ ላይ ሆኖ የተዘጋበትን ሰው ማዋራት ያዘ። ሰው እንዳይደነግጥ ማዋራት የሥራው ደንብ ነው። እሱ ስም አይጠይቅም። ስለ ሥራ ነው የሚጠይቀው፤ ሰው ስለ ሥራው ሲያወራ መተንፈስ ይጀምራል።

«ድምፅ እቀዳለሁ» አለች ከውስጥ አንዲት ወጣት ሴት። «ስድስተኛ ፎቅ ስቱዲዮ አለኝ።»

ጆሮው ፊቱን ወደ በሩ አስጠጋ።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ያውጡኝ!»

«መውጣቱንስ ትወጫለሽ። ጓደኛዬ ሰባት ፎቅ በእግሩ ነው የሚወጣው፤ ወገቡንም ያመዋል። ጊዜ አለን።»

ከውስጥ ሳቅ መጣ። ስለ ቀረጻውና ስለ «ዝናቡ» ነገራት።

«ቻርጀር ነቅለዋል?»

«ሁለቱንም።»

«ስልክስ?»

«ወጥ ቤት ነው።»

«ጎበዝ። ኦርጋኑ ድምፁ ስንት ላይ ነው?»

«ሁለት።»

«ከስንት?»

«ከአስር።»

«ውይ ጋሼ! ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ የመቅጃውን መጠን እስከ ጥግ ወስደውታላ?»

«ካልወሰድኩት አይሰማማ።»

«እሱ ነዋ! ኦርጋኑ ሲያንሾካሹክ እርስዎ በግድ ሲያጎሉት ዝናቡም አብሮ ይጎላል። ኦርጋኑን ሰባት ያድርሱት፣ መቅጃውን ዝቅ ያድርጉት። አስር እንዳያደርሱት ብቻ፤ ድምፁ ይሰነጠቃል።»

«ስጫወት ሚስቴ ተኝታ ነው እኮ።»

«ገመዱ ማዳመጫው ላይ ተሰክቶ የለ? ስፒከሩ ዝግ ነው። ማን ይሰማል?»

ጆሮው ገመድ ሲሰካ ስፒከሩ እንደሚዘጋ ያውቃል። ያንን ቀዳዳ ፈትቶ የበየደው ራሱ ነው። እጁ ግን አያውቅም። ሃያ ስምንት ዓመት ከሁለት አልፎ አያውቅም፤ ሲቀዳም ሳያስበው እዚያው ቆመ።

ሊፍቱ ነቅነቅ ብሎ ወረደ። ልጅቷ ቦርሳዋን አቅፋ ወጣች።

«ሁልጊዜ ተኝተው ነው እንዴ ባለቤትዎ?» አለችው።

«ዛሬም ተኝታለች» አላት።

በዕረፍት ቀኑ ገመዱን ሰካ። አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ ክፍሉ ውስጥ ምንም አልተሰማም። ሄዶ በሩን በስሱ ገፋ አደረገ። ሲስተር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ተመለሰ። የድምፁን ቁልፍ ወደ ሦስት አዞረ፣ ጆሮውን ወደ በሩ አደረገ። አራት። አምስት ላይ ቆም ብሎ አዳመጠ። ሰባት ላይ ሲደርስ እጁን አንስቶ ሱሪው ላይ ጠረገ። መቅጃውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ተጫወተ። አንድ ቦታ ተሳሳተ፤ ከመጀመሪያው ጀመረ።

አስር ሰዓት ላይ ነቃች። ፊቷን ታጥባ፣ መሣሪያውን ጆሮዋ ውስጥ አስገብታ ቁጭ አለች። ስልኩን ነካ አደረገላት። ፊቷን ማየት ስለፈራ እግሯን አየ። ቀኝ እግሯ የነጠላ ጫማዋን ጫፍ ይዞ መወዛወዝ ጀመረ።

ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። ሲያልቅ ራሷ ስልኩን ነካችና ከመጀመሪያው አስጀመረችው።

«ዝናቡስ?» አላት ጮክ ብሎ።

በእጇ ዝም በል አለችው።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲያልቅ ቀና አለች።

«በጣም ያሳዝናል። ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም። እንድታገቢኝ ልጠይቅሽ ሳስብ ነው የሠራሁት። እምቢ ትለኛለች ብዬ።»

«አንተ ሰውዬ! እሺ ካልኩህ እኮ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው።»

«ከዚያ በኋላ ሌላ ዜማ አልሠራሁም።»

ሲስተር ዓይኗን በመዳፏ አበሰች። ኮቷን አንስታ አንድ እጅጌ አስገባች፤ ሁለተኛውን ሳታስገባ ቆመች።

«እሺ ካልኩህ በኋላ ያለውን ሥራልኝ። ዓመቱ ገና አላለቀም።»

«መቼ ልሥራው?»

«ነገ ማታ ዕረፍቴ ነው፤ ከሥራ ስትገባ አልተኛም። አጠገብህ ቁጭ ብዬ እያየሁህ ሥራ።»