ጋሼ ደግፌና ያልበራው ፍላሽ

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም። እናንተ የምታነቡት ስሙኝ እንጂ አትዘኑልኝ።

ፎቶ ማንሳት ያስተማረኝ የለም። ወልቂጤ ላይ ሠርግ ቤት እየዞርኩ፣ በስልክ እያየሁ ለመድኩት። በዚያ ዓመት ሶፍት ቦክስ ገዛሁ፤ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ የፍላሹን ብርሃን የሚያለሰልስ ጨርቅ ነው። ፍላሹ በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ ገጠርም ይሄዳል። ለመስቀል ቸሃ፣ አያቴ ቤት ስንሰበሰብ፣ "ጎጆው ውስጥ ፀሐይ አስገባላችኋለሁ፤ ስልካችሁን አስቀምጡ፣ ብርሃኔን ያበላሽብኛል" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

የዚያ ዓመት መስቀል እንደ ሌላው አልነበረም። ትልቁ አጎቴ ጋሼ ደግፌ፣ የታናሹን የሳህሌን የእንሰት ድንበር ገፍቷል ተብሎ ሁለቱ ለዓመታት ተኳርፈው ነበር። ጋሼ ደግፌ አልገፋሁም ብሎ በሽማግሌ ፊት ማለ፤ ሳህሌም አምኖ ተቀበለው፤ ታረቁ። አያቴ የሁለቱን ራስ በእጃቸው ይዘው ሲመርቁ ፎቶ እንዲነሳ ፈለጉ። ሌላ ምንም አልፈለጉም።

እኔስ ምን አደረግሁ? መንገድ ላይ እምድብር ከተማ ወርጄ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፍላሽ በማያስፈልግበት፣ ጓደኞቼን በአዲስ ልብሳቸው ሳነሳ አረፈድኩ። ሰው ዞሮ እንዲያየኝ ብዬ። ድንጋዩን በዚያ ጨረስኩት፤ መለወጫ አልያዝኩም።

ጎጆው ውስጥ ሴቶቹን አነሳሁ፤ በራ። ልጆቹን አነሳሁ፤ ዘግየት ብሎ በራ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከአባታቸው ፊት ሲንበረከኩ ቁልፉን ተጫንኩ፤ አልበራም። ደገምኩት፤ አልበራም።

"መብራትሽም ክትፎ አማረው እንዴ?" አለ ሳህሌ። ተሳቀ።

እፍረቴን ለመሸፈን "እስቲ ቦታ ተቀያየሩ" አልኳቸው። ጋሼ ደግፌ ተነስቶ ወደ ምሰሶው ፈቀቅ አለ። እሱ ሳይኖርበት ተጫንኩ። ቦግ አለ።

የደከመ ድንጋይ ትንሽ ካረፈ አንዴ ያበራል። ይህን አውቅ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጋሼ ደግፌ ተመልሶ ተንበረከከ፤ ተጫንኩ፤ ጨለማ። ሳቁ ቆመ። አክስቴ ብዙነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ብርሃኑስ መሐላውን አወቀበት" አለች፣ ቀስ ብላ። ሁሉም ሰማት። እሱም ሰማት። ተንበርክኮ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝ።

"ልጄ፣ ዕቃሽ ነው አይደል?"

"ዕቃዬማ ደህና ነው" አልኩት።

ለምን አልኩ? "ድንጋዬ አልቋል፣ ደጅ እንውጣ" ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ የመንደር መንገድ፣ በጀፎሮው ሣር ላይ ገና ፀሐይ ነበር። በስልክም ቢሆን ይነሳ ነበር፤ ስልኩንም አስቀምጡ ያልኳቸው እኔው ነኝ። ፎቶ አንሺ ናት እንድባል ብዬ፣ እኔ፣ የሰውን መሐላ ውሸት አስመሰልኩ። ከዚያ ወዲህ ሳህሌ ለወንድሙ ሰላምታውን አሳጠረ። የመንደሩ ሰውም ሽማግሌ ያላወጣውን ፍላሽ አወጣው እያለ ሲያወራ ሰማሁ፤ ሰምቼም ዝም አልኩ። አያቴ ቀጣዩን መስቀል ሳያዩ አረፉ። ሁለቱን ልጆቻቸውን አንድ ላይ ይዘው የተነሱት ፎቶ የለም።

ልጅ ነበርኩ እንዳልል ልጅ አልነበርኩም። አላወቅኩም እንዳልል አውቅ ነበር። ይቅርታውን ከእናንተ ብጠይቅ ማምለጥ ነው የሚሆንብኝ፤ የምጠይቀው ሰው ቸሃ አለ፤ እኔም እስካሁን ፊቱ ቆሜ አልተናገርኩም።

በተከታዩ መስቀል አዲስ ድንጋይ ይዤ ሄድኩ፤ መለወጫም ጭምር። ቤተሰቡ ለፎቶ ሲደረደር ጋሼ ደግፌ ከመሃላቸው ወጥቶ መጣና ሶፍት ቦክሱን ከእጄ ተቀበለኝ።

"እኔ ይህን ልያዝልሽ፤ አንቺ እነሱን አንሺ" አለኝ።

እስክጨርስ ድረስ ከፍ አድርጎ ይዞልኝ ቆመ። ሁሉም በራ።