የገንፎው ጭላሎ

ትናንት አሰላ፣ እህቴ ቤት፣ በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ ትኩስ የገብስ ገንፎ ላይ ሲፈስ ሸተተኝና ድንገት ልጅ ሆንኩ።

ልጅ ሳለሁ ገንፎ አልወድም ነበር። እናቴ ታዲያ መላ ዘየደች። ገንፎውን እንደ ጭላሎ ተራራ ቆልላ አናቱን ትጎደጉድና ቅቤውን ትሞላበታለች።

«በሉ፣ ሐይቁ ሞልቷል! ወደየማሳችሁ ቦይ ቅደዱ!»

እኔና እህቴ በጣታችን እየማስን፣ እየተሻማን፣ እየተሳሳቅን ቅቤውን ወደየራሳችን እናወርዳለን። ሳናውቀው ሳህኑ ይጸዳል። እናቴ ከወዲያ በኩል ደረቁን እየቆረሰች ትጎርሳለች።

አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ያንቺ ወንዝስ?» አልኳት።

«እኔ ጋ በጋ ነው» አለችና ሳቀች።

እኔም ሳቅኩ። የጨዋታው ሕግ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ቅቤው አምልጦ ወደ እሷ እንዳይሄድ ቦዬን በገንፎ ገደብኩት። ያ ቅቤ ለሦስት ሰው እንደማይበቃ የገባኝ እኔም ልጆች ማብላት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ትናንት እህቴም ገንፎውን እንደ ጭላሎ ቆልላው ነበር፤ ቅቤው ግን ሞልቶ ተርፏል። አብራን የቀረበችው እናቴ ለምዶባት አሁንም ደረቁን ስትቆርስ ትንሿ የእህቴ ልጅ አየቻት።

«እማማ፣ ያንቺ ወንዝስ?»

«እኔ ጋ በጋ ነው፣ የኔ እናት።»

ልጅቷ አልሳቀችም። የራሷን ቦይ በገንፎ ደፈነችና ከሐይቁ እስከ እናቴ ጣት ድረስ ሌላ ቀደደች።

«ይኸው፣ ዘነበልሽ!»

እናቴ ቅቤውን አጥቅሳ ጎረሰች። እኔ እጄን ሰበሰብኩ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።