ጋሼ ጎሹ የማይበሉበት ምክንያት

አጎቴ ጋሼ ጎሹ ባሕር ማዶ፣ ኮለምበስ ከተማ ሊንደን ሰፈር ያለው አፓርታማችን ውስጥ ምግብ እምቢ ያሉት በኮቪድ ጊዜ ነው። የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ቆይቷል። እናና እኔው ሆኜ ሳለ እኔኑ "እናናዬን ጥሪልኝ" ሲሉኝ ለምጄዋለሁ፤ እህል መርሳት ግን ምን የሚሉት ነው? ሳህኑን ሳቀርብ ብድግ ብለው ጥግ ይቆማሉ። "ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ" እላለሁ። "እሺ፣ በኋላ" ይላሉ በትሕትና።

ቤት እየመጣች የምትከታተላቸው ነርስ መዘነቻቸው። እንዲህ እየከሱ ከሄዱ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ መግባታቸው አይቀርም አለች። ያኔ እዚያ የገባ ሰው የሚጠየቀው በመስኮት ነበር። ያሳደገኝን ሰው በመስታወት? አላደርገውም አልኩ።

ሽሮውንም፣ ሾርባውንም፣ ፓስታውንም ሞከርኩ። ጥርሳቸው ይሆን? አስመረመርኩ፣ ደህና ነው። መድኃኒቱ ይሆን? ሐኪሙ ቀየረው፣ ያው ነው። እኔ ደግሞ ታላቅ ሳይቀምስ እጄን አልሰድም፤ እንዲህ አድርገው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ወጡ እስኪቀዘቅዝ እንፋጠጣለን።

አንድ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ቶሎሳ አስቤዛ ሊያደርስልን መጣ። ከዌርሃውስ፣ ከመጋዘን ሥራው፣ መውጣቱ ነው፣ ርቦታል፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር ደግሞ አልፈጠረበትም። የጋሼን ሳህን ስቦ ጀመረ። ልቆጣው ስል ጋሼን አየኋቸው። ፎጣ ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቶሎሳ ሲጨርስ ሳህኑን አነሡ፣ ጠረጴዛውን ወለወሉ፣ ወደ ኩሽና ገቡ። ተከትያቸው ብሄድ ቆመው ከድስቱ እየበሉ ነው፤ ጥርግ አደረጉት።

ለካ ነገሩ የናዝሬቱ ነው። በወጣትነታቸው ናዝሬት፣ መናኸሪያው አጠገብ አስተናጋጅ ነበሩ። አስተናጋጅ ደግሞ የሚበላው ደንበኛ በልቶ ሲነሣ ነው። እኔ እሳቸውን ስጠብቅ፣ እሳቸው እኔን ሲጠብቁ፣ በመከባበር ልንሞት ነበር።

አሁን ቀድሜ የምበላው እኔ ነኝ። ነርሷ ኪሎው መጨመሩን አይታ ምን እንዳደረግኩ ብትጠይቀኝ "በላሁ" አልኳት። ግራ ገባት።

ትናንት ምሳ ላይ ጋሼ ጎንበስ ብለው "ከሩቅ ነው የመጡት?" አሉኝ። እኔን፣ አዝለው ያሳደጉኝን።

"አዎ፣ ከሩቅ ነው።"

"እንግዲያው በደንብ ይብሉ" አሉና ዳቦ ጨመሩልኝ።

እንባዬ እየወረደ በላሁ። እኔ ካልበላሁ እሳቸው አይበሉማ።