የጃማይካው ሩምና ዝምተኛው ተከራይ

ሩሙ ወደ እኛ አገር የገባው በባሮ ወንዝ ነው። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ጋምቤላ ላይ ጨው፣ አቡጀዲና ቆርቆሮ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። አንድ ዓመት ታዲያ ጎሬ ሱቅ ለነበረው ግሪክ ነጋዴ ከጨው ጋር ጥቂት ሣጥን የጃማይካ ሩም መጣለት። የጎሬ ሹማምንት ኮኛክ የለመዱ ስለነበሩ ዞር ብለው አላዩትም። ነጋዴው ሲሰለቸው ለታላቅ እኅቴ በርካሽ ሸጠላት።

እኅቴ መቱ ላይ መሸታ ቤት ነበራት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት። እኔ ያኔ ሃያን አልፌያለሁ፤ ጠጅ እጥላለሁ፣ እቀዳለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጫወታለሁ። ሩሙን ግን የሚደፍርልን አጣን። መልኩ ጥቁር ነው፣ ሽታው ያረረ ስኳር። አንዱ ደንበኛችን በመለኪያ ቀምሶ፣ "ይህ የፈረስ መድኃኒት ነው" ብሎ መለሰው። እትዬ ተበሳጭታ ጠርሙሶቹን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለቻቸው፤ እዚያው አቧራ ለብሰው ከረሙ።

በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ አንድ ሰው ክፍል ሊከራይ መጣ። ካፖርት ለብሷል፣ ድምፁ ዝግ ያለ ነው፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ መሐል ጫማው ንጹሕ ነበር። ለቡና ንግድ አገሩን ሊያጠና እንደመጣ ነገረንና ከጓሮ ያለችውን ክፍል ለክረምቱ ያዘ። እትዬን "እርስዎ" ሲላት ደስ አላት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጠና መጥቶ በሩን ፊት ለፊት ከሚያየው ጥግ ይቀመጣል። ጥናቱን መቼ እንደሚያጠና አላየሁም።

አንድ ቀን ወደ መደርደሪያው አንጋጠጠና፣ "ያ ምንድን ነው?" አለኝ።

"የጃማይካ ሩም ነው። ሰው አልወደደውም።"

"አልወደደውም ወይስ አላወቀበትም? እስኪ አውርጂው።"

ለሁለታችንም ትንሽ ትንሽ አስቀዳኝና መቅመስ አስተማረኝ። "ቶሎ አትዋጪው። ብርጭቆውን በመዳፍሽ አሙቂው። አፍሽን ከፈት አድርገሽ አሽትቺው። አሁን ከንፈርሽን ብቻ አርጥቢ።" መጀመሪያ አቃጠለኝ። ቀጥሎ ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝ ሸተተኝ። ጥቂት ጠብታ ውኃ ሲጨምርበት ደግሞ ሽታው ተከፈተ፤ የእርጥብ እንጨት ጭስ፣ የአዲስ ኮርቻ ቆዳ፣ መጨረሻ ላይ መረር የሚል የስኳር ጣዕም። ይህን ሁሉ ስነግረው በጥሞና አዳመጠኝ። "ርካሽ መጠጥ ነው፣ ግን አይዋሽም" አለ።

ከዚያ በኋላ መቀላቀሉን በራሴ ያዝኩት። በሎሚና በጫካ ማር አደረግኩት፤ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ሆነ። ዝንጅብልና ኮረሪማ አፍልቼ በትኩሱ ስጨምርበት ብርድ ያባርራል። ከጥቁር ቡና ጋርም ይስማማል። ከጠጅ ጋር አንድ ጊዜ ሞክሬው ራሴ ሲፈነዳ ዋለ። ወሬው ተሰማና ቤታችን ሞላ። ያ ተከራያችንም ለጋስ ነበር፤ "ለእሳቸው ቅጂላቸው፣ ለእሱም ጨምሪለት" ይላል። ሰው ሲጠጣ እሱ ዝም ይላል። ምንም አይጠይቅም። ዝምታው ሲረዝም ሰው ያፍርና መናገር ይጀምራል። እኔ ቀጂዋ ነኝና የእሱ ብርጭቆ ከሰዓቱን ሙሉ እንደማይጎድል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በዚያ ክረምት አገሩ አንድ ጉዳይ ይዞት ነበር። ሶር ፏፏቴ አጠገብ ያሉ ገበሬዎችን አንድ ትልቅ ጌታ የቡና ጫካቸውን "ከመንግሥት ተመርቼዋለሁ" ብሎ ሊነቅላቸው ነው። ጉዳያቸውን የያዘላቸው ጠበቃ የዘወትር ደንበኛችን ነበር፤ በአማርኛም በኦሮምኛም እኩል የሚሟገት፣ ሲጠጣ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ነገር የማይቆይለት ሰው። ገበሬዎቹ አዲስ አበባ ሄደው የንጉሡ ችሎት ፊት አቤት ለማለት ተነጋግረዋል። ጌታው ይህን እንዳይሰማ ብዙ ተጠንቅቀው ነበር።

በገበያ ቀን ጠበቃው ከሶር አንድ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ለተከራያችን አስተዋወቃቸው፤ እሱም ሩም በማር አዘዘላቸው። ሽማግሌው ሞቅ ሲላቸው በኦሮምኛ፣ "ይኸ ጌታ የሶርን ጅብ ሳይቀር ጭሰኛዬ ነው ሊል ነው" አሉ። ጠበቃው ስቆ ለተከራያችን ሊተረጉምለት ዞረ፤ ምክንያቱም ሰውየው ኦሮምኛ አላውቅም ብሎናል። እኔ ግን ፊቱን እያየሁት ነበር። ጠበቃው አፉን ሳይከፍት የሰውየው ከንፈር ፈገግ ብሎ ተመለሰ። ትርጉሙ ሲነገረው እንደገና ሳቀ።

ማሩ ያለበትን ማንቆርቆሪያ እንደያዝኩ ቆምኩ። ሽማግሌው በኦሮምኛ ቀጠሉ። እሳቸው ቀድመው በበደሌ በኩል እንደሚሄዱ፣ ጅማ ዘመድ ጋ እንደሚያርፉ፣ ሌሎቹ እንደሚከተሏቸው ተናገሩ። ሰውየው የማይገባውን ወሬ እንደሚሰማ እንግዳ ወደ ዝናቡ ይመለከት ነበር።

ሽማግሌው ደዴሳ ኬላ ላይ ተያዙ። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች በስማቸው ጠርተው ከመኪና አወረዷቸው፤ የማን ሰዎች እንደሆኑ የጠየቀ አልነበረም። ወሬው መቱ ሲደርስ ተከራያችን እንደ ሁሌው ጥጉ ላይ ነበር። ከሁላችንም በላይ ከንፈሩን መጠጠ።

ለእትዬ ማድ ቤት ወስጄ ያየሁትን ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋዋን አላቆመችም።

"ያየሽውን ዋጥ አድርጊው" አለችኝ።

"ጠበቃውስ? ቀጣዩ እሱ ነው እኮ።"

"እኛ ሁለት ሴቶች ነን። ሰውየው ከጓሮአችን ነው የሚያድረው። ዋጥ አድርጊው አልኩሽ።"

አልዋጥኩትም። በማግስቱ ገበያ ላይ ጠበቃውን ከጨው ነጋዴዎቹ ድንኳን ሥር አገኘሁትና ሹክ አልኩት። መጀመሪያ ተቆጣኝ። "ያን የመሰለ ጨዋ ሰው!" አለ። ከዚያ የተናገረውን ሁሉ አንድ በአንድ እያስታወሰ መሆኑን ከፊቱ አየሁ። መልኩ አመድ መሰለ።

"መምጣት ባቆም ይጠረጥራል" አለኝ። "ብመጣ ደግሞ ይህን አፌን ታውቂዋለሽ።"

"ጋሼ፣ ይምጡ። የሚጠጡትን ለእኔ ይተዉት።"

ሻይ አጥቁሬ አፈላሁ። ስኳር ብረት ድስት ላይ አሳረርኩና ጨመርኩበት፣ ዝንጅብልና ሎሚም አከልኩ። የብርጭቆውን አፍ ብቻ በሩም አበስኩት። መልኩ አንድ ነው፣ ሽታውም ከሩቅ አንድ ነው። ጠበቃው እየጠጣ እንደሰከረ ሰው ምላሱን አስተሳሰረ። ገበሬዎቹ ፈርተዋል፣ ከመስቀል በፊት ማንም አይነቃነቅም ብሎ ደጋግሞ አወራ። በእውነት ግን ሽማግሌውን ሊከተሉ የነበሩት ሦስት ገበሬዎች በዚያው ሳምንት ከቡና ነጋዴ በቅሎዎች ጋር ተቀላቅለው በነቀምት በኩል ሊወጡ ተሰናድተው ነበር። እንዲህ ሁለት ሦስት ቀን ሄደ። ተከራያችን ዝም ብሎ ይሰማል። አንዳንዴ ዓይኑን ከጠበቃው አንሥቶ እጄ ላይ ያሳርፈዋል።

ሦስቱ ሰዎች በሚወጡበት ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ቤቱ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው የለም። ጠበቃው ወሬው መሐል ሳለ ተከራያችን እጁን ዘረጋና ብርጭቆውን ከፊቱ አነሣው። በመዳፉ አሞቀው። አፉን ከፈት አድርጎ አሸተተው። ከንፈሩን አረጠበና ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

"ይህን ማን አስተማረሽ?" አለኝ።

"እርስዎ" አልኩት።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሻዩን መሬት ላይ ደፋው፣ ጠርሙሱን ራሱ አመጣ፣ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላና ወደ ጠበቃው ገፋው።

"ይጠጡ ጋሼ" አለ። "ዛሬ እውነተኛውን ይጠጡ።"

ጠበቃው እኔን አየኝ። እምቢ ለማለት የሚሆን ምክንያት አልነበረም። ጠጣ። ሰውየው ደግሞ ሞላለት፣ እሱም ደግሞ ጠጣ። ከዚያ ያ ዝምታ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ሰውየው ይጠብቃል፣ የጠበቃው ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሦስቱ ገና ያዩ ከተማ አጠገብ ያለውን ወንዝ አልተሻገሩም ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

"እኔማ..." ብሎ ጠበቃው አፉን ሲከፍት፣ እትዬ ከማድ ቤት ወጣች።

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ መሐላቸው ተቀመጠች። መለኪያ አንሥታ ለራሷ ሩም ቀዳች። ጠጥታ የማታውቅ ሴት ናት። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችውና መናገር ጀመረች። ስለ ቅቤ መወደድ ተናገረች። ስለ አባታችን አሟሟት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከች፤ ምን እንደበላ፣ ማን እንደገነዘው፣ ዝናብ እንዴት ተዝካሩን እንዳበላሸው። ጠበቃው ሊናገር ሲል፣ "ይቆዩ ጋሼ፣ አልጨረስኩም" ትላለች። ሰውየው ሊያቋርጣት ሲሞክር፣ "እርስዎ ደግ ሰው ስለሆኑ ነው የምነግርዎ" እያለች ወደ ሌላ ታሪክ ትሻገራለች። ስለ ጠፋችው ላማችን ያወራችበት ጊዜ ብቻ ጠጅ ለመጣል ይበቃ ነበር። ትንፋሽ ሲያጥራት እኔ ገብቼ ላሟ ቀይ ነበረች ወይስ ዳለቻ እያልኩ እከራከራታለሁ። በዚያ ቤት አንዲት ባዶ ጊዜ አልተገኘችም።

ጠበቃው መጨረሻ ላይ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለና አንኮራፋ። እትዬ ገና ታወራለች። ፊቷ በላብ ተነክሯል፣ ከጠረጴዛው ሥር እጇ ቀሚሴን ጨምድዶ ይዟል።

ሰውየው ተነሣ። "ብዙ ያወራሉ እመቤቴ" አላትና ወደ ክፍሉ ሄደ።

በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። እኔ ደጁን እየጠረግኩ ነበር። አጠገቤ ቆም አለ። "ጥሩ ምላስ አለሽ" አለኝ። "ጠብቂው።" የጎሬን መኪና ተሳፍሮ ሄደ።

ሦስቱ ገበሬዎች አዲስ አበባ ደረሱ። ወራት ደጅ ጠንተው አቤቱታቸው ተሰማላቸው፤ ከጫካው ግማሹን አስመልሰው ግማሹን ጌታው ወሰደው። ሽማግሌው ከዓመት በላይ ታስረው ተፈቱ። ጠበቃው መጠጥ እርግፍ አድርጎ ተወ። እኛን ግን ማንም መጥቶ ምንም አላለንም። የከበደውም ይኸው ነበር። መኪና ደጃችን ፍጥነቱን በቀነሰ ቁጥር እትዬ ሥራዋን አቁማ ታዳምጣለች። ቀን እንኳ በሩን መቀርቀር ለመደች። እንጀራ አፏ ድረስ ወስዳ የምትረሳበት ጊዜ ነበር። ዓመት እንዲህ ከኖርን በኋላ ቤቱን ሸጠን ጎሬ ወጣን፤ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ከፈትን።

ጎሬ በክረምት ጉም ውስጥ ነው የምትኖረው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካፖርት የለበሰ የማናውቀው ሰው ከጉሙ ወጥቶ ሱቃችን ገባ። አቡጀዲ ጠየቀን፣ እትዬ ቀደደችለት፣ ከፈለ፣ ግን አልሄደም። ጥቅሉን ብብቱ ሥር አድርጎ ዝም ብሎ ቆመ። እትዬ ስለ ቅቤ ማውራት ጀመረች፤ እኔም ተከተልኳት። ሰውየው ግራ ተጋብቶ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያየናል።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ በመጨረሻ፣ "ዝናቡ እስኪያባራ ነው የቆምኩት።"

እትዬ በርጩማ ሰጠችው። ማውራቷን ግን አላቆመችም።