አበዛሽ ያላመነችው ጨዋታ

አበዛሽ በነጻ የሚሰጥ ነገር አታምንም። ቸርች ውስጥ የሚታደለውን ብስኩት እንኳ ገልብጣ የሚያልፍበትን ቀን ሳታይ አትነካም። ስለዚህ ዮሐና የምትባል ወጣት ስድስት ታብሌት ተሸክማ ወደ ቸርቹ የቅዳሜ የልጆች ፕሮግራም መጥታ፣ "የምንሠራውን የኮዲንግ ጨዋታ ልጆቹ ይሞክሩልን፤ ክፍያ የለውም" ስትል ወላጁ ሁሉ አጨበጨበ፤ አበዛሽ ግን እጇን አጣጥፋ ቆመች።

ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ በየሳምንቱ እየነዳች የምትመጣው የልጅ ልጇን ኤሊን ይዛ ነው። ኤሊ ሰባት ዓመቱ ነው። አባቱ ጋ ሲሆን ወሬው አያልቅም አሉ፤ እሷ አጠገብ ግን ድምፁ አይሰማም። ጨዋ ልጅ ነው ትላለች፤ አስተዳደጉ ነው ትላለች።

ጨዋታው ከባድ አይደለም። ስክሪኑ ላይ "ተራመድ"፣ "ዝለል"፣ "ድገም" የሚሉ ባለ ቀለም ብሎኮች አሉ። ልጁ እየጎተተ ይደረድራቸዋል፤ የተሳለው እንስሳም እንደ አደራደሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ልጁ የራሱን ታሪክ ይፈጥራል። ዮሐና ደግሞ ከኋላቸው እየዞረች ደብተር ላይ ትጽፋለች።

አበዛሽን እረፍት የነሳት ይኼ ደብተር ነው። እውነቷንም ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ዲቪ ደርሷት ከልጇ፣ ከኤሊ አባት ከባርናባስ ጋር እዚህ አገር በገባች በሦስተኛው ወር ትምህርት ቤት ጠሯት። ፈገግታዋ የማያልቅ አንዲት ሴት የስድስት ዓመቱን ልጅ ባለ ቀለም ብሎክ አስደረደረችው፤ ሥዕል እያሳየች በአስተርጓሚ ጠየቀችው። ባርናባስ ትንፍሽ አላለም። ሴትዮዋ ጻፈች፤ አበዛሽ ሳታነብ ፈረመች። ልጁ ዘገምተኛ ከተባሉት ጋር ተለይቶ አራት ዓመት ተማረ። ዛሬ ጎበዝ ኤሌክትሪሻን ነው፤ ግን ሰው በተሰበሰበበት ሐሳቡን ተናግሮ አያውቅም። አበዛሽ ያቺን ሴት በጸሎቷ መካከል እንኳ ይቅር ማለት አቅቷታል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። አሁንም ያው ብሎክ፣ ያው ፈገግታ፣ ያው ጽሑፍ። የፈቃዱን ወረቀት ደግሞ ባርናባስ ራሱ በስልኩ ፈርሞ ልኮታል። "ጌም ነው እኮ እማዬ፣ ሪላክስ አድርጊ" ነው ያላት። ሞኝ! አንዴ የተቃጠለበት እሳት ላይ ልጁን ይዞ ይቀመጣል?

ወንበር ስባ ኤሊ ጎን ተቀመጠች። "ቀዩን ሳብ። እሱን አይደለም፣ ከታች ያለውን! ቶሎ በል፣ እየጻፈችብህ ነው" እያለች ታንሾካሹክለታለች። ኤሊ አንዴ ስክሪኑን አንዴ እሷን ያያል።

ዮሐና ጎንበስ አለች። "እትዬ አበዛሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሄልፕ ባያደርጉት ጥሩ ነበር። የት ጋ ስታክ እንደሚያደርገው፣ የት ላይ እንደሚቸገር ነው ማየት የምፈልገው።"

"እሱንማ አውቄዋለሁ" አለች አበዛሽ፤ ከወንበሯም ንቅንቅ አላለች።

ንቅንቅ ያደረጋት መኪናዋ ነው። የሰው መውጫ ዘግተሻል ተብላ፣ እያጉረመረመች ወጣች። ሌላ ቦታ ፈልጋ እስክታቆም ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ስትመለስ የልጆቹ ሳቅ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። በሩን ስትከፍት ኤሊ ቆሞ፣ እጁን እያወናጨፈ ለልጆቹ ያወራል። እሷን ሲያይ አፉን ዘጋ፤ እጁንም ሰበሰበ።

ምን አድርገውት ነው እንዲህ የደነገጠው? ቀጥ ብላ ዮሐና ፊት ሄደች።

"ደብተሩን አምጪ፣ የኔ ልጅ። ስለ ልጄ የጻፍሽውን አያለሁ።"

ዮሐና ሳትከራከር ሰጠቻት። የአበዛሽ እንግሊዝኛ ለዚህ አያንስም፤ ጣቷን ከሥሩ እያስኬደች አነበበች። የልጆቹ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። "'ድገም' የሚለው ብሎክ ለትንሽ ጣት አይመችም፤ ይስተካከል" ይላል። ዝቅ ብሎ ስለ ልጅ ቁጥር አራት ተጽፏል። "አያቱ አጠገቡ ሲሆኑ፦ በስምንት ደቂቃ አንድም ብሎክ በራሱ አልመረጠም። ሊነካ ሲል ዞሮ ያያቸዋል። አያቱ ሲወጡ፦ አህያዋን ጣሪያ ላይ አውጥቶ አስጨፈራት፤ ለሌሎቹም አሳያቸው። ማውራት አላቆመም።"

ደግማ አነበበችው።

"የምንመዝነው ጌሙን ነው እንጂ ልጆቹን አይደለም" አለች ዮሐና ቀስ ብላ። "ካልተመቸዎት ገጹን ይቅደዱት።"

አበዛሽ አልቀደደችውም። ደብተሩን መልሳ ሰጥታ ኮሪደር ላይ ተቀመጠች፤ እስኪያልቅም ወደ ውስጥ አልገባችም።

ባርናባስ ከሥራ ወጥቶ ኤሊን ሊወስድ መጣ። ልጁን መኪና ውስጥ አስገብቶ በሩን ሲዘጋ ክንዱን ያዘችው።

"ያኔ ትምህርት ቤት፣ ያቺ ሴትዮ ስትጠይቅህ፣ አንተ ልትመልስ ነበር" አለች። "ትልቅ ሰው ፊት አይለፈለፍም ብዬ በጠረጴዛው ሥር የቆነጠጥኩህ እኔ ነኝ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።"

"አውቃለሁ እማዬ። ሪሜምበር አደርገዋለሁ።"

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት እሷን ስረግም ለምን ዝም አልከኝ?"

ባርናባስ የጫማውን ጫፍ አየ። "ዝም በል ብለሽኝ ነበራ" አለ።

አበዛሽ መኪናው ላይ ተደግፋ አለቀሰች፤ እሱም አጠገቧ ቆመ።