የፈረንጅ ዋጋ

ላምዱዋን በታይላንድ፣ በቡድሃ ቤተ መቅደስ በር ላይ የሎተስ አበባ ስትሸጥ ስንቱን ፈረንጅ አይታለች፤ የእኚህ ሽማግሌ ነገር ግን አንጀቷን ያሳርራታል። በዚያ ሙቀት ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ነው። ጫማቸውን ገና ከበሩ ውጭ አውልቀው በእጃቸው ይይዛሉ። አበባ ሲመርጡም በጥሩ ታይኛ ይነተርኳታል፦

"እህቴ፣ ይሄ ጠውልጓል። እሷ የጠወለገ አትወድም።"

የድሮው በረኛ ዝም ብሎ ያስገባቸው ነበር። አዲሷ ቲኬት ቆራጭ ግን ዛሬ ፈገግ ብላ፣ "ፈረንጅ፣ ሁለት መቶ ባት" አለቻቸው። ከራሷ በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ የአገሬው ሰው ዋጋ ሃያ ባት ነው፤ ፈረንጅ እንዳያነበው በታይ ቁጥር ተጽፏል።

"ሃያ ይላል! ማንበብ እችላለሁ!" አሉ ሽማግሌው ሰሌዳውን በጣታቸው እያመለከቱ። "ሚስቴ እዚያ ግድግዳ ውስጥ ናት። አስከሬኗ ሲቃጠል አመዷን እዚያ ያስቀመጥኩት በእነዚህ እጆቼ ነው። ታዲያ እኔ ቱሪስት ነኝ?"

"አባባ፣ ልብዎን ቀዝቀዝ ያድርጉ" አለች ልጅቷ፣ ፈገግታዋ ንቅንቅ ሳይል። "ደንብ ነው።"

ላምዱዋን ያንን ፈገግታ በጥፊ ብታጠፋው ደስ ባላት።

ሽማግሌው ሁለት መቶውን መስኮቱ ላይ ወረወሩት።

"ከሚስቴ ጎን ያለችውን ቦታ ለራሴ ገዝቻታለሁ" አሉ። "የእኔ አመድ ሲመጣስ? ያን ጊዜም በፈረንጅ ዋጋ ነው የምታስገቡኝ?"

ልጅቷ መልሱ የተጻፈ ይመስል ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች።